«ከውሻ ይጠንቀቁ» የሚለው ሰሌዳ ኢንሹራንስ አይደለም!

የአዲስ አበባን የግቢ በሮች እያነበባችሁ እለፉ። «ከውሻ ይጠንቀቁ!»፣ «ኃይለኛ ውሻ አለ!»። ማንበብ የማይችለውም እንዲገባው አንዳንዱ ጥርሱን ያገጠጠ ውሻ አሥሎበታል። ይህች ቆርቆሮ የአገራችን የውሻ ኢንሹራንስ ናት። አረቦኗ አንድ ጊዜ ለጽሑፍ ሠሪው ይከፈላል፣ ዕድሳት የላትም። የውሉ ቃልም አጭር ነው፦ ውሻው የእኔ፣ ንክሻው የአንተ።

ይህ ውል መቀደድ አለበት።

አዲስ ቡችላ ለገዛችሁ፣ ልትገዙ ላሰባችሁ፣ በተለይም «ለውሻ ኢንሹራንስ አለ ወይ?» ለምትሉ ሁሉ መልሴን ከመነሻው ልናገር። ለቡችላችሁ መጀመሪያ መግባት ያለባችሁ መድን ውሻው ሲታመም የሚያሳክመው አይደለም። ውሻው የሚነክሰውን ሰው የሚያሳክመው ነው። የዚህ መድን የመጀመሪያ ክፍያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ይህን ሳያደርግ ውሻ የያዘ ሰው አደጋ ይዟል፤ አደጋውን ያስቀመጠውም በራሱ ላይ ሳይሆን በጎረቤቱ ልጅ ላይ ነው።

ነገሩን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የቡችላ ገበያው ደርቷል። መንገድ ዳር በጨርቅ ጠቅልለው ከሚያዞሩት ልጆች አልፎ ቴሌግራም ላይ ገብቷል። «ጀርመን ሼፐርድ፣ ንጹሕ ዘር፣ የ2 ወር፣ ዋጋ በውስጥ መስመር»። ገዢው ስለ ጆሮው አቋቋም፣ ስለ እናቱና አባቱ ቁመት፣ «ሲያድግ ይከፋል ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ስለ ክትባት ካርዱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ቤት ይገባና ስልኩን ከፍቶ ስለ ውጭው ዓለም የውሻ ኢንሹራንስ ያነባል። ጣሪያውን ከመሠረቱ በፊት ማለት ይኸው ነው።

◾ ፈረንጁ ለቡችላው ምን ይገዛል?

እስቲ ዕቃውን ራሱን እንየው። የውሻ ጤና መድን በምዕራቡ ዓለም ተራ ነገር ነው። በስዊድን አብዛኛው ውሻ መድን አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያው የዚህ ዘመን ፖሊሲ የተጻፈው በቴሌቪዥን ለምትታወቀው ላሲ ነበር። ዛሬ እዚያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ውሾችና ድመቶች መድን አላቸው፤ የአንድ ውሻ የአደጋና የሕመም ሽፋን በአማካይ በወር ከ50 ዶላር በላይ ያስከፍላል።

መምረጡም ራስ ያዞራል። የእንግሊዝን ገበያ ብንወስድ አራት ዓይነት ሽፋን ይሸጣል። አንደኛው አደጋን ብቻ ይሸፍናል፤ መኪና ቢገጨው ይከፍላል፣ ቢታመም አይከፍልም። ሁለተኛው በጊዜ የተገደበ ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ 12 ወር ሲሞላ ክፍያው ይቆማል። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ሕመም የገንዘብ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ሲነካ ያ ሕመም ለዘለዓለም ከሽፋን ይወጣል። አራተኛው የዕድሜ ልክ የሚባለው ነው፤ ውሉ በየዓመቱ እስከታደሰ ድረስ ጣሪያው አብሮ ይታደሳል። ውዱም እሱ ነው። ስኳር ወይም የቆዳ አለርጂ ያለበት ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚታከም፣ ርካሹን የመረጠ ሰው በሁለተኛው ዓመት ባዶ እጁን ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ጥቃቅኑ ጽሑፍ ይመጣል። ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም። ከተፈረመም በኋላ ለሕመም ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፈረንሳይ ቡልዶግ ያሉ ዝርያዎች የመተንፈስ ችግራቸው ስለሚታወቅ አረቦናቸው ይወደዳል። ብዙ ሰው ቡችላው ገና በ8 ሳምንቱ፣ ሐኪም ስለ እሱ ምንም ሳይጽፍበት መድን የሚገባለት ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ክትባትን የጤና መድኑ በአብዛኛው አይከፍልም። ቡችላው ሳይከተብ ቀርቶ በክትባት በሚገታ በሽታ ቢያዝ ግን ካሳ የለም። ማለትም ትርፍ ፈላጊው ኩባንያ፣ ለውሻው ፍቅር ሳይሆን ለራሱ ካዝና ሲል፣ «መጀመሪያ አስከትብ፣ ከዚያ እንነጋገር» ይላል። እኛ ደግሞ አሥረኛውን ደረጃ ለመርገጥ አንደኛውን እንዘላለን።

◾ ሰው የማያነባት ገጽ

በብዙዎቹ የእንግሊዝ የውሻ ፖሊሲዎች ውስጥ አንዲት ችላ የምትባል ክፍል አለች፦ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት። ውሻው ሰው ቢነክስ፣ ወይም መንገድ ላይ ዘልሎ ገብቶ ብስክሌተኛ ቢጥል፣ ባለቤቱ በፍርድ ቤት የሚጠየቀውን ካሳ ኩባንያው ይከፍላል። ጣሪያው በሚሊዮን ፓውንድ ይቆጠራል። ደግሞም ርካሽ ነው። ዶግስ ትረስት የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጊ ድርጅት በአነስተኛ ዓመታዊ መዋጮ ለአባላቱ እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ሲሰጥ ኖሯል።

በሌሎች ቦታዎች ጉዳዩ ከምርጫ ወጥቶ ግዴታ ሆኗል። በጀርመን በርሊን፣ ሃምቡርግና ኒደርዛክሰን የኃላፊነት መድን ሳይኖር ውሻ መያዝ አይፈቀድም። የውሻው ሕክምና የባለቤቱ የግል ጉዳይ ነው፣ ሕጉ አያስገድደውም። የሰው ንክሻ ግን የግል ጉዳይ አይደለም። እንግሊዝና ዌልስ ኤክስኤል ቡሊ የተባለውን ዝርያ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለ ልዩ የምስክር ወረቀት መያዝን ሲከለክሉ፣ ወረቀቱን ለማግኘት ካስቀመጧቸው ግዴታዎች አንዱ የሦስተኛ ወገን መድን ነው።

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በሌሎችም የአሜሪካ ግዛቶች ለምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ አንዲት ምክር፦ በየወሩ የምትከፍሉለት የውሻ ጤና መድን በአብዛኛው የጎረቤታችሁን ልጅ አይሸፍንም። እሱን የሚሸፍነው የቤት ባለቤትነት ወይም የተከራይነት መድናችሁ ነው፤ አንዳንዱ ኩባንያም የተወሰኑ ዝርያዎችን በስም ጠርቶ ያስወጣል። ቡችላውን ከማምጣታችሁ በፊት ያንን ገጽ አንብቡ። እዚያ አገር በቤት መድን በኩል ለውሻ ንክሻና ተያያዥ ጉዳት የተከፈለው ካሳ በ2023 ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዕዳው ቀልድ አይደለም።

◾ እኛ ጋ የሚሞተው ማን ነው?

እዚያ ንክሻ ማለት ስፌትና ክስ ነው። እዚህ ንክሻ ማለት ሞት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የውሻው ጠባይ ሳይሆን ክትባቱ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በእብደት ከሚጠረጠር እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ከ10 ሰዎች 4ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ የሚነከሰው ፊቱንና አንገቱን ነው፤ ለአንጎል የቀረበ ንክሻ ደግሞ ቶሎ ይገድላል።

ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከሚጎዱት አገሮች አንዷ ናት። በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት በዓመት ወደ 2,700 ሰው እንደሚሞት ያሳያል። በአማካይ ስናካፍለው በቀን ከ7 ሰው በላይ ማለት ነው። አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ በየሁለት ቀኑ ቢያልቅ ዜና ይሆን ነበር። ይሄኛው ግን በየቤቱ፣ አንድ በአንድ፣ ውሃ እየሸሸ ስለሚሞት ዜና አይሆንም።

እንዴት እንደሚታከምም እንነጋገር። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች «ፓስተር ሄጄ ሆዴን በየቀኑ ተወጋሁ» ሲሉ ሰምታችኋል። ያ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የድሮው ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር መምከር ከጀመረ 40 ዓመት አልፎታል። አዲሱ በጥቂት መርፌ፣ በክንድ ላይ የሚሰጥ ነው። ቁስሉ ከባድ ሲሆን ከመርፌው ጋር ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ሌላ መድኃኒት ይጨመራል፤ እሱ ደግሞ ውድም ብርቅም ነው። ከክልል ከተማ ወይም ከገጠር የመጣ ሰው መድኃኒቱን ፍለጋ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ይመላለሳል፣ ትራንስፖርቱን ይከፍላል፣ ሥራውን ይፈታል። ብዙው ገንዘቡም ተስፋውም ስለሚያልቅ ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ መርፌው ግን መቅረት የለበትም።

አሁን ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ይህን ሁሉ ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? ውሻውን በአሥር ሺዎች ብር የገዛው ሰው ነው? አይደለም። የሚከፍለው «ቆራሌው!» እያለ በር ለበር የሚዞረው ልጅ ነው። ሳምንት አንዴ ለልብስ አጠባ የምትመጣው ሴት ናት። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ ነው። ኳሱ አጥር ዘልሎበት «እባክዎን ያቀብሉኝ» ብሎ በር ያንኳኳው የጎረቤት ልጅ ነው። አንዳቸውም ውሻ አልገዙም። አረቦኑን ግን በገላቸው ይከፍላሉ።

ሌላም ሦስተኛ ወገን አለ፦ ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የለም፤ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም። በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ የጨረሳቸው በዋናነት ከእረኛ ውሾች የተጋባባቸው ይኸው በሽታ ነው። ያልተከተበ ውሻ ዕዳው ተራራም ይወጣል።

◾ ሕጉ ሰሌዳችሁን አያነብም

«ጽፌ ለጥፌያለሁ እኮ! አይተህ ለምን ገባህ?» የሚል ሁሉ አንድ ነገር ይወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። «በሩ ተከፍቶ አምልጦ ነው»፣ «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» የሚሉት ሁለቱ ተወዳጅ ማመካኛዎቻችን ከ60 ዓመት በፊት በሕግ ተዘግተዋል።

ከዚያው ዝቅ ብሎ ግን አንዲት መውጫ አለች። የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ራሱን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው ነጻ ሊወጣ ይችላል። ሕጉ ሲጻፍ ታስቦ የነበረው ምናልባት በሬና በቅሎ ይሆናል፤ ማሳ ያበላሸ በሬ ዋጋ አለው። የነከሰ፣ ያልተከተበ ውሻ ለተነከሰ ልጅ ቤተሰብ ማስረከብ ግን ምን ይባላል? «ገዳይህን እንካ» ነው።

ደግነቱ ይህ መውጫ ጥፋቱ የባለቤቱ ሲሆን አይሠራም። የእኔ ክርክርም እዚህ ላይ ነው። በዚህ አገር፣ በዚህ የሞት ቁጥር መካከል ውሻን አለማስከተብ ራሱ ጥፋት ተብሎ መቆጠር አለበት። ጠበቆች ይህን ክርክር ፍርድ ቤት ይዘውት ይቅረቡ። የተነከሰ ቤተሰብም «ውሻ ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ በሽምግልና ለአንድ ቀን ታክሲ ተከፍሎት አይመለስ።

እርግጥ ነው፣ ፈርዶ ማስከፈል ሌላ፣ ገንዘቡን ማግኘት ሌላ ነው። የጡረተኛ እናት ውሻ ሰው ቢነክስ ሙሉ ካሳ ከየት ያመጣሉ? መድን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለተነከሰው ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም ነው።

◾ ለመኪና የገባን ለውሻ ለምን ጠፋን?

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። መኪና ያለው ሁሉ መስታወቱ ላይ የሦስተኛ ወገን ምልክት ሳይለጥፍ መንገድ እንደማይወጣ ያውቃል። የተሽከርካሪ አደጋ የ3ኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የባለመኪናውን መኪና ለማሠራት አልወጣም። የራሱን መኪና መድን መግባት አለመግባት የባለቤቱ ፈንታ ነው። መንገደኛው ግን በባለመኪናው ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም። እንዲያውም አዋጁ ሲወጣ የተገጨ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር፤ ገጭቶ ያመለጠው ባይታወቅ እንኳ የመድን ፈንድ አለ።

አሁን «መኪና» የሚለውን ቃል አውጡና «ውሻ» የሚለውን አስገቡ። ነክሶ የሚያመልጥ ውሻ አለ። ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ አለ። አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ተጎጂ አለ፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ። የጎደለው አዋጁ ብቻ ነው።

«ኩባንያዎቹ አይችሉም» የሚል ካለም ቦረናን ይመልከት። ከ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ለአርብቶ አደሩ የከብት መድን አቅርቧል። የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት ይለካል፤ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ክፍያ ይለቀቃል። የሳር ልምላሜን ከሰማይ ለክቶ ካሳ ማስላት የቻለ ዘርፍ፣ አንድ የክትባት ካርድ አይቶ ውሻ መመዝገብ ያቅተዋል? ሆቴሎችና ፋብሪካዎች የሚገቡት የሕዝብ ኃላፊነት መድንም ገበያው ላይ አለ። ቀመሩ የታወቀ ነው። ውሻው ብቻ ተረስቷል።

◾ «ግን እኮ…»

«ለሰው ያልተዳረሰ መድን ለውሻ?» ትላላችሁ። እኔም እላለሁ! ለዚህ ነው የውሻውን የጤና መድን ወደ ኋላ ያደረግሁት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ገና ለሁሉም ሳይደርስ የውሻ የስኳር ሕክምና ይቅደም ያለ የለም። የሦስተኛ ወገን መድን ግን በውሻው ስም የሚጠራ የሰው መድን ነው።

«ችግሩ የጎዳና ውሻ ነው፣ የእኔ ከግቢ አይወጣም» የሚለው ሁለተኛው ነው። የጎዳና ውሻ ከሰማይ አልወረደም። ትናንት ቡችላ ሳለ ተወድዶ፣ ሲያድግ ወይም ሲታመም፣ ወይም ሴት ሆና ስትወልድ በር የተዘጋበት ነው። ደግሞ በየመንገዱ ከምናየው ውሻ ብዙው ቤት አለው፤ ማታ ማታ «ይጠብቅ» ተብሎ ይለቀቃል። የእናንተ ውሻ ከግቢ ባይወጣ እንኳ በአጥሩ ቀዳዳ የሚገባ ውሻ አለ።

«መርዝ ይበተን» የሚለው ሦስተኛው ነው። ተሞክሯል፤ በእኛም በሌላውም አገር። ውሻ በጅምላ መግደል የእብድ ውሻ በሽታን አያጠፋም። የሞተውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይተካዋል፤ ከሚገደሉት መካከልም የተከተበው ይገኛል። በሽታውን የሚያቆመው ከ10 ውሾች 7ቱን መከተብ ነው። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚዛመተውን ዓይነት ማጥፋቷን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጀችው በመርዝ ሳይሆን በክትባትና በምዝገባ ነው። ዛሬ ከኢትዮጵያ ቡችላ ይዞ እዚያ ለመግባት የሚፈልግ ሰው፣ አገራችን ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ተርታ ስለተመዘገበች፣ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና የክትባት ሰነዱ የተሟላ ውሻ ማቅረብ አለበት። የሚገርመው፣ ያው ሰው እዚህ ጎረቤቱ ዘንድ ውሻውን ይዞ ለመግባት የሚጠይቀው የለም።

«ድሃው ውሻ እንዳይኖረው ልታደርግ ነው» የሚለው አራተኛውና ከበድ ያለው ነው። በመንደሩ ውሻ የድሃ ዘበኛ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ክትባቱ ለድሃው በነጻ መሆን አለበት። መንግሥት በ2030 በውሻ ምክንያት የሚመጣውን የሰው ሞት ዜሮ ለማድረግ ከተያዘው ዓለም አቀፍ ዕቅድ ጋር መራመድ ካለበት፣ ከተነከሱ በኋላ ለሚሰጠው ውድ ሕክምና ከሚያወጣው ይልቅ ለውሻ ክትባት ቢያወጣ ይረክሰዋል። ግዴታው የሚጀምረው ግን ዘር ቆጥሮ፣ በአሥር ሺዎች ከፍሎ ከሚገዛው ነው። እሱ ስለ ድሃ ስም አይከራከር።

◾ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለገዢው፦ ቡችላውን ከመውሰዳችሁ በፊት የክትባት ካርድ ጠይቁ። ፓርቮና ዲስተምፐር የሚባሉት ቡችላ ገዳዮች ክትባታቸው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየ3 እና 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻው ክትባት ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር በኋላ ነው፤ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይቀጥላል። ስለዚህ የ2 ወር ቡችላ «ሙሉ ክትባት ወስዷል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል። የቀረው የእናንተ ሥራ ነው። በወር ትንሽ ብር ለብቻ አስቀምጡለት፤ የውሻ ጤና መድን በሌለበት አገር መድኑ ይኸው ነው።

ውሻችሁ ሰው ከነከሰ አትደብቁት፣ አትግደሉትም። የተነከሰውን ቁስል ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሰውየውን ራሳችሁ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ካርዱን አሳዩ፤ ወጪውን ክፈሉ። ውሻው ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ። ከ10 ቀን በኋላም ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም። የጠፋ ወይም የተገደለ ውሻ ግን ጥርጣሬውን ለተነከሰው ሰው ጥሎለት ይሄዳል። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተኝቶ ይቆያል፤ ያን ሁሉ ሌሊት ያለ እንቅልፍ የሚያድረው ማን እንደሆነ አስቡት።

ለመድን ኩባንያዎች፦ አንዲት ገጽ ያላት፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተጻፈች፣ የውሻ የሦስተኛ ወገን ፖሊሲ አውጡ። ቅድመ ሁኔታዋ የታደሰ የክትባት ካርድ ይሁን። ተጎጂው ከባለቤቱ ጋር ሳይጨቃጨቅ የሕክምና ወጪውን በቀጥታ የሚያገኝባት ትሁን። ከቤት መድን ጋር አያይዛችሁ ሽጧት። የምታጓጓ ንግድ ላትሆን ትችላለች፣ ግን የምትሆን ናት።

ለአስተዳደሩ፦ ወረዳ ውሻ ይመዝግብ። የምዝገባው ክፍያ ለክትባት ዘመቻ ይዋል። የሚሸጥ ቡችላ ሁሉ ካርድ ይኑረው። በሂደትም ዘር ለሚያራቡና ትልልቅ ውሻ ለሚይዙ ሰዎች የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ይሁን። መኪናው ላይ ምልክት የሚፈልግ መንግሥት በር ላይ ምልክት መፈለግ አያቅተውም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ክትባትም መድንም ገብቷቸው ነው። እኛ ከተቃጠለ በኋላ ቅጠሉን የምንፈልገው ከተነከሰው ልጅ ቤተሰብ ደጅ ነው።

ሰሌዳችሁን ንቀሉት አልልም። ውሻ ካለ መነገሩ ጥሩ ነው። ግን ከሥሩ አንዲት መስመር ለመጨመር የሚያበቃ ሥራ ሥሩ፦ «ተከትቧል፤ ቢነክስዎት እኛ እናሳክምዎታለን»። ይህን ለመጻፍ የማይደፍር ሰው ቡችላውን ገና ከመንገድ ዳር አያንሳው።

ቸር እንሰንብት።